የመንግሥት የበረራ ፍተሻ አብራሪነት፦ ዕረፍት ፍለጋ ከሆነ ይቅርብዎ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 33 ነው። በ22 ዓመቴ በዲቪ አሜሪካ መጥቼ የበረራ ትምህርቴን እዚሁ ጨረስኩ። አሁን በአንድ ሪጅናል አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነኝ። 2,100 የበረራ ሰዓትና ኤቲፒ የሚባለው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ አለኝ። ዜግነት አልወሰድኩም፤ ያለሁት በግሪን ካርድ ነው። ባለቤቴ ከወሩ ግማሽ የሚሆነውን ሁለት ልጆች ይዛ ብቻዋን ናት። አንድ ጓደኛዬ ‹ፍላይት ቼክ የሚባል የመንግሥት ሥራ አለ፤ አየር መንገዶችንና አብራሪዎችን መቆጣጠር ነው፣ በረራው ቀላል ነው፣ ማታ ማታ ቤትህ ትገባለህ፣ ጡረታም አለው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ጂፒኤስ እየሄደ ስለሆነ ሥራው ሊጠፋ ነው ይለኛል። አየር መንገዱን ለቅቄ ልግባበት?»

ምላሽ፦

ጓደኛዎ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጎ ነው የነገረዎት። አየር መንገዶችን፣ አብራሪዎችንና የጥገና ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የአቪዬሽን ደኅንነት ኢንስፔክተር ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ቢሮ ውስጥ፣ ሃንጋር ውስጥ ወይም ከአብራሪዎቹ ኋላ ባለችው ተጨማሪ ወንበር ላይ ነው። «ፍላይት ቼክ» የተባለው የበረራ ፍተሻ አብራሪ ግን ማንንም ሰው አይፈትሽም። የሚፈትሸው መሬት ላይ የተተከሉትን የአቅጣጫና የማረፊያ መሣሪያዎች፣ የማኮብኮቢያውን የአቀራረብ መብራቶች፣ እንዲሁም እርስዎ በየቀኑ ታብሌትዎ ላይ ከፍተው የሚከተሉትን የአቀራረብ ካርታ ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ የኤፍ ኤ ኤ፣ ሠራተኞች ናቸው። የሚጠየቁት ልምድና የሚኖሩት ኑሮ ግን አይገናኝም። ማታ ቤት መግባት ነው የምፈልገው ካሉ ወደዚያ የሚቀርበው የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሚቀጥለው ሁሉ ስለ ሁለተኛው ነው።

«ቀላል በረራ» የሚለውን ለማረም ሥራው ለምን እንዳስፈለገ ማየት ይገባል። አይ ኤል ኤስ፣ አውሮፕላንን በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራው የማረፊያ መሣሪያ፣ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ ሎካላይዘሩ ከማኮብኮቢያው ማዶ ቆሞ ግራና ቀኙን፣ ግላይድ ስሎፑ ከጎን ቆሞ አብዛኛውን ጊዜ የ3 ዲግሪ ቁልቁለቱን ያሳያል። ሁለቱም በሞገዳቸው ላይ የ90 እና የ150 ኸርዝ ምልክት ጭነው ይልካሉ፤ ሁለቱ እኩል በሚሆኑበት መስመር ላይ መርፌዎ መሀል ላይ ይቆማል። ከአንቴናው አጠገብ ደግሞ ተቆጣጣሪ መሣሪያ አለ፤ ምልክቱ ከተፈቀደው ልክ ሲወጣ ማሰራጫውን በሰከንዶች ውስጥ ያጠፋዋል። ብዙ አብራሪ እዚህ ላይ «ታዲያ አውሮፕላን መላክ ለምን አስፈለገ?» ይላል። ተቆጣጣሪው የሚያየው አንቴናው አጠገብ ያለውን ምልክት ብቻ ስለሆነ ነው። ከማኮብኮቢያው 5 ማይል ወጣ ብሎ፣ እርስዎ ደመና ውስጥ ሆነው መርፌውን በሚያምኑበት ቦታ፣ ጨረሩ ምን እንደሚመስል ከመሬት ሆኖ የሚያውቅ የለም። አዲስ የተሠራ ሃንጋር፣ ለግንባታ የቆመ ክሬን፣ አንቴናው ፊት ያቆሙት ከባድ መኪና ሞገዱን አንጸባርቆ መስመሩን ያጎብጠዋል። ግላይድ ስሎፕ ደግሞ ከፊቱ ባለው መሬት ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ሞገድ ጭምር ስለሚጠቀም ከባድ በረዶ ሲከመርበት ወይም መሬቱ ሲቆፈር ማዕዘኑ ይናጋል። ይህን የሚያይ መሣሪያ የተጫነበት አውሮፕላን ብቻ ነው።

የእኛው አገር ታሪክም አለበት። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003 አንድ የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን ኤርባስ ኤ320 ቦሌ ለማረፍ ሲሞክር የአዲስ አበባው ቪኦአር፣ ለአውሮፕላኖች አቅጣጫ የሚሰጠው የሬዲዮ ጣቢያ፣ አንቴናው ውስጥ ውኃ ገብቶ የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጥ ነበር። አብራሪዎቹ ከመስመር መውጣታቸውን የሚነግራቸው ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም መርፌውም የአውሮፕላኑ ኮምፒውተርም መነሻቸው ያው የተሳሳተ ምልክት ነበር። በሁለተኛው ሙከራ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ሆኖ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ኮረብታ በ56 ጫማ፣ በሜትር 17 ገደማ፣ ክፍተት ነው ያለፈው። አብራሪዎቹ መሬቱን አይተው ወደ ላይ ሸሹ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። እንጦጦን ከቦሌ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ ታሪክ የሥራውንም ወሰን ይያዙ። የበረራ ፍተሻ የአንድ ቀን ሥዕል ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ለአይ ኤል ኤስ በየስድስት ወሩ ገደማ መፈተሽን እንደ መነሻ ያስቀምጣል፤ አገሮች እንደ መሣሪያው የኋላ ታሪክ ያስረዝሙታል ወይም ያሳጥሩታል። በሁለት ፍተሻዎች መካከል አንቴና ውስጥ ውኃ ቢገባ የሚይዘው መሬት ላይ ያለው ተቆጣጣሪና የጥገናው ቴክኒሺያን ነው፤ ፈታሹ አብራሪ ያኔ ሌላ ከተማ ነው ያለው። «እኛ ፈርመንበታል፣ ስለዚህ ደኅና ነው» የሚል የፍተሻ አብራሪ ካጋጠመዎት ሥራውን አልገባውም።

አሁን ወደ በረራው። በኤፍ ኤ ኤ የዚህ ሥራ ማዕከል ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የሚገኘው የማይክ ሞንሮኒ ማዕከል ነው፤ እንደ አላስካው አንኮሬጅ ያሉ ሌሎች መነሻ ጣቢያዎችም ነበሩት። አውሮፕላኖቹ በዋናነት ባለ ሁለት ቱርቦፕሮፕ ኪንግ ኤር 300 እና ቻሌንጀር ጄቶች ናቸው። ከፊት ሁለት አብራሪዎች፣ ከኋላ ኮንሶሉ ላይ አንድ የፍተሻ ቴክኒሺያን ይቀመጣሉ። የጥሪ ስማቸው «ፍላይት ቼክ» ነው፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችና ሌሎች አብራሪዎች ይህን ሲሰሙ ያልተለመደ መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን እንዳለ ያውቃሉ።

ያልተለመደ የምለው እንዲሁ አይደለም። እርስዎ በአየር መንገድ ሥራዎ መርፌውን መሀል ይዘው መውረድ ነው የሚጠበቅብዎት። እዚህ ግን መርፌው መሀል የሚሆንበት በረራ ከሥራው ጥቂቱ ነው። ሎካላይዘሩን ለመፈተሽ ከመስመሩ በሁለቱም ጎን እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ቅስት እየሠሩ ያቋርጡታል። ግላይድ ስሎፑን ለመፈተሽ አንድ ከፍታ፣ ለምሳሌ 1,500 ጫማ፣ ይዘው ሳይወርዱ ቀጥ ብለው ወደ ማኮብኮቢያው ይሄዳሉ፤ ጨረሩን ከታች ወደ ላይ ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ከዚያ ሆን ብለው ከቁልቁለቱ በታች ወርደው መርፌው «ውጣ፣ ውጣ» እያለ ከእንቅፋቶች ደኅና የሚያስኬድ መሆኑን ያያሉ፤ የመሬት ማስጠንቀቂያው እየጮኸብዎት። ከዚያም በማኮብኮቢያው ላይ ዝቅ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋሉ፣ አያርፉም። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚሆነው ሌሎች አውሮፕላኖች እየተነሱና እያረፉ፣ አንዳንዴም በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

መለኪያው መሣሪያ የአውሮፕላኑን ትክክለኛ ቦታ በሳተላይትና እንቅስቃሴን በሚለካው የኢነርሻል መሣሪያ እያወቀ ከመሬቱ ምልክት ጋር ያነጻጽራል፤ ስለዚህ የአብራሪው ጥቃቅን መዋዠቅ ይታረማል። ትልቁ አይታረምም። ሚዛን የሚፈትሽ ሰው እጁን ሳህኑ ላይ ካሳረፈ የሚነበበው የእጁ ክብደት ነው። ፍጥነቱ ሲዋዥቅ፣ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል፣ ከፍታው 100 ጫማ ሲጠፋ ዙሩ ይበላሻል፤ መድገም ነው። በአየር መንገድ ጥሩ የሚባል በረራ መንገደኛው ያልተሰማው በረራ ነው። እዚህ ጥሩ የሚባለው ወረቀቱ ላይ የእርስዎ እጅ ያልታየበት ነው። ይህ የሚያስደስተው ሰው አለ፤ በሁለተኛው ወር የሚያንገሸግሸውም አለ።

አንድ ሌሊት ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ቀን ቦታ ስለማይኖራቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሰጡዎታል። ከኋላ ያለው ቴክኒሺያን ስክሪኑ ላይ የሚሳበውን መስመር እያየ «ከጫፉ 2 ማይል ላይ ታጥፏል፣ ድገሙልኝ» ይላል። ዞረው 10 ማይል ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይታጠፋል። ታች ከሎካላይዘሩ ቤት ያለው የመሬት ቴክኒሺያን በሬዲዮ «እኔ ጋ ሁሉም ደኅና ነው፣ ተቆጣጣሪ መሣሪያው አረንጓዴ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ዙር ረዳት አብራሪው የማረፊያ መብራቱን አብርቶ ወደ ታች ሲያይ ከአንቴናው ፊት ባለው የአገልግሎት መንገድ ላይ የቆመ የነዳጅ ቦቴ ይታየዋል። ሹፌሩ ተፈልጎ ቦቴው እስኪነሳ 40 ደቂቃ ዙሪያውን ሲያንዣብቡ ይቆያሉ። አራተኛው ዙር ላይ መስመሩ ቀጥ ይላል። ለመፈረም ያህል ተሠራ፤ ከዚያ ግን ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው አይ ኤል ኤስ ገና አልተነካም።

የፊርማው ነገር ከበረራው ይከብዳል። ፍተሻው ሲያልቅ መሣሪያው ያለ ገደብ ያገልግል፣ በገደብ ያገልግል ወይም ከአገልግሎት ይውጣ ብሎ የሚወስነው ቡድኑ ነው። በዓል ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የአየር ትንበያው ጉም እያለ፣ የአንድን ትልቅ አየር ማረፊያ ዋና የማረፊያ መሣሪያ ማስወጣት ማለት በመቶ የሚቆጠሩ በረራዎችን ማዘግየት ነው። ስልክ ይደወልልዎታል። ማንም «ዋሽ» አይልዎትም፤ «እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ ነፋሱ ይሆናል» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል። አራተኛ ጊዜ ሞክሮ ያለፈችውን አንዷን ዙር መርጦ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ደስ ላሰኝ የሚል ጠባይ ካለዎት፣ እኛ ይሉኝታ አጥብቀን የምንይዝ ሰዎች ነንና ይህን ከራስዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

አደጋውን ሳልነግርዎት ባልፍ አጭበርባሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1993 የኤፍ ኤ ኤ የፍተሻ ኪንግ ኤር ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሮንት ሮያል አጠገብ ተራራ ላይ ወድቆ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሞቱ። ሞተር አልጠፋም፣ ክንፍ አልተሰበረም። የመሣሪያ በረራ ፈቃድ እስኪሰጣቸው ከደመና በታች በዓይን እየበረሩ ሲጠብቁ ደመና ውስጥ ገቡ። የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርዱ ጥፋቱን በካፒቴኑ ብቻ አላቆመም፤ የፍተሻ በረራውን የሚመሩት ኃላፊዎች ሥራውን የሚመጥን ቁጥጥር እንዳልነበራቸው፣ ችግር የታየባቸውን አብራሪዎች ከበረራ እንዳላገዱ በግልጽ ጽፏል። ሌሎችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት የራሱን አብራሪዎች ሳይቆጣጠር መቅረቱ ያን ጊዜ ብዙ ያነጋገረ ነገር ነው። ወደ እኛ ዘመን ሲመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2019 በፍተሻ ሥራ ላይ የነበረ የአንድ የግል ኩባንያ ዳይመንድ ዲኤ62 ዱባይ አየር ማረፊያ አጠገብ ወድቆ አራት ሰዎች ሞቱ። ከፊቱ ይቀርብ የነበረ ኤርባስ ኤ350 የተወው የአየር አዙሪት ነው ያሽከረከረው። ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ከትልልቆቹ መካከል እየገባ እየወጣ መሥራት የዚህ ሥራ ባሕርይ ነው፤ «ቶሎ ጨርሰን እንውጣላቸው» የሚለው ስሜት ደግሞ ርቀቱን ያሳጥረዋል።

ስለ ቤተሰብዎ። የፍተሻ አብራሪ ሥራው ያለበት ድረስ ይሄዳል። ሰኞ ወጥቶ ዓርብ መመለስ የተለመደ ነው፣ ከሳምንት በላይ የሚቆዩም አሉ። የአየር ጠባይ ሲከፋ ትንሽ ከተማ ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብለው ሰማይ ማየት ነው። ከሪጅናል አየር መንገድ የሚሻልበት ነገር አለው፤ መርሐ ግብሩ ቀደም ብሎ ይታወቃል፣ የበዓል ቀናት ይሻላሉ፣ በስልክ ተጠርቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድረስ የሚባል ነገር ያንሳል። «ማታ ማታ ቤትህ ትገባለህ» የሚለው ግን ውሸት ነው። በዚያ ላይ መነሻ ጣቢያው ያለበት ከተማ መኖር አለብዎት። ባለቤትዎ ዘመድና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካላቸው ከተማ ነቅለው ኦክላሆማ ቢወስዷቸውና እርስዎ ደግሞ ሳምንቱን ውጭ ቢያድሩ፣ ችግሩን አልፈቱም፤ ቦታውን ቀየሩት እንጂ።

ጂፒኤስ ሥራውን ያጠፋዋል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቪኦአር ጣቢያዎች እየተቀነሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 900 ገደማ ከነበሩት 600 የማይሞሉት በመጠባበቂያነት እንዲቀሩ ነው ዕቅዱ። ያ ክፍል እየጠበበ ነው። ነገር ግን ሳተላይት ላይ የተመሠረቱት አቀራረቦች ራሳቸው ተበርረው ይፈተሻሉ፦ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለ አዲስ ማማ በመንገዱ ላይ ቆሞ እንደሆነ፣ የተጻፉት ነጥቦች ትክክል መሆናቸውን፣ ምልክቱ የሚረበሽበት ቦታ መኖሩን። በጉም የሚያርፉ ትልልቅ አውሮፕላኖች አሁንም አይ ኤል ኤስን ነው የሚፈልጉት። ጂፒኤስ ሆን ተብሎ በሚታወክባቸው አካባቢዎች፣ በመካከለኛው ምሥራቅ የሚበሩ ባልደረቦችዎ በየቀኑ የሚያዩት ነው፣ የመሬት መሣሪያ ዋጋው ጨምሯል። ድሮኖች አንዳንድ የመሬት ቅርብ መለኪያዎችን መውሰድ ጀምረዋል፤ መብራት ለማየት ጥሩ ናቸው። 18 ማይል ርቀት ላይ ያለ ሎካላይዘር ሊፈትሹ ግን አይችሉም። ስለ ሥራው መጥፋት አይጨነቁ።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ አሁን ባሉበት ሁኔታ ሊቀጠሩ አይችሉም። ለዚህ ሥራ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፣ ግሪን ካርድ አይበቃም። ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት ስላለፈዎት ለዜግነት ማመልከት ይችላሉ። የሚይዝዎት የኢትዮጵያ ዜግነት ከሆነ የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን እንደማይቀበል ያውቃሉ፤ ሲወስዱ የኢትዮጵያዊው ይቀራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ መግባትና ብዙ መብቶችን ይሰጣል፣ መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጥም። ይህን ልወስንልዎት አልችልም። ይህ ሳይወሰን ግን የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማንም የማይነግርዎት ነው። አሜሪካ የመጡት በ22 ዓመትዎ ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ነዋሪ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ለሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ለወታደራዊ ግዳጅ መመዝገቢያው መሥሪያ ቤት፣ መመዝገብ ነበረበት። 26 ዓመት ከሞላ በኋላ መመዝገብ አይቻልም፤ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ አውቆ እንዳልተወው ካላስረዳ በፌዴራል መንግሥት ሥራ አይቀጠርም። 31 ዓመት ካለፈዎት በኋላ ይህ ለዜግነት ማመልከቻ ችግር መሆኑ በአብዛኛው ያበቃል፤ ለፌዴራል ሥራ ግን አያበቃም። ብዙ የዲቪ ልጆች ዜግነታቸውን ያለ እንከን አግኝተው እዚህ ላይ ነው የሚደናቀፉት። በቪዛ ማመልከቻው ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ሳያውቁት ተመዝግበው ሊሆን ይችላል። በሴሌክቲቭ ሰርቪስ ድረ ገጽ ላይ የቤተሰብ ስምዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንና የትውልድ ቀንዎን አስገብተው ዛሬውኑ ይዩ። ካልተመዘገቡ የሁኔታ ማስረጃ ደብዳቤ ይጠይቁና ለምን እንዳልተመዘገቡ የሚያሳይ ሰነድ መሰብሰብ ይጀምሩ። የኋላ ታሪክ ማጣሪያውም አለ፤ ውጭ ያሉ ዘመዶች፣ ጉዞዎች፣ የነበሩበት አድራሻ ሊጠየቁ ይችላሉ። አዲስ አበባ እናት መኖራቸው ማንንም አያስቀርም፤ መደበቅ ግን ያስቀራል።

ልምድዎን በተመለከተ፣ ኤቲፒዎና 2,100 ሰዓትዎ በሩ ድረስ ያደርሱዎታል እንጂ ከሌላው አመልካች አያስበልጡዎትም። አብዛኛው ሰዓትዎ በረዳትነት የተበረረ ነው። ቀጣሪው የሚያየው በራስዎ ኃላፊነት ያዘዙበትን ሰዓት፣ በባለ ሁለት ሞተር ቱርቦፕሮፕ ወይም ጄት፣ በመሣሪያ የተበረረ፣ አስተማሪነት ካለም እሱን ነው። ከጦር ኃይል የሚመጡና ኪንግ ኤር ላይ ሺህ ሰዓት በካፒቴንነት የበረሩ ሰዎች እዚያው ሰልፍ ላይ ናቸው።

ገንዘቡን በሁለት አፍ መናገር አልፈልግም። በትልቅ አየር መንገድ ካፒቴን የሆነ ሰው ከፍተሻ አብራሪው ይበልጣል፣ በብዙ። በቆይታዎ ያገኙት የአየር መንገድ ደረጃ ቁጥር ደግሞ የለቀቁ ዕለት ይጠፋል፤ ቢመለሱ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው የሚሰለፉት። በመንግሥት በኩል ያለው ጥቅም ሌላ ነው። የፌዴራል ጡረታው በ62 ዓመት ከ20 ዓመት አገልግሎት በላይ ይዘው ከወጡ በዓመት 1.1 በመቶ ይታሰባል፤ በ36 ገብተው በ62 ቢወጡ ከከፍተኛዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝዎ 28.6 በመቶ ነው። በጡረታ ቁጠባ ሒሳቡ ላይ ከደመወዝዎ 5 በመቶ ካስገቡ መንግሥትም 5 በመቶ ይጨምርልዎታል። የሕክምና ኢንሹራንሱን ወደ ጡረታ ይዘው መውጣት ይችላሉ፤ ለቤተሰብ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የአየር መንገድ አብራሪን በ65 የሚያስወጣው ሕግም እዚህ የለም። በሌላ በኩል ኮንግረሱ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር መንግሥት ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጀመረው 35 ቀን ቆይቶ ብዙዎች ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ከርመዋል። ክፍያው በኋላ መጣ፣ የቤት ኪራይ ግን በኋላ አይከፈልም። ቢያንስ የሁለት ወር ወጪ በእጅ ሳይኖር አይግቡ።

አሜሪካ ብቸኛዋ በር አይደለችም። ብዙ አገሮች ፍተሻውን ለኩባንያ ነው የሚሰጡት፤ ጀርመን ውስጥ ብራውንሽቫይግ ላይ የተመሠረተው የጀርመን፣ የስዊስና የኦስትሪያ የአየር ትራፊክ ድርጅቶች የጋራ ኩባንያ አንዱ ነው። ዋና ቢሮው ዳካር የሆነው የአፍሪካ አገሮች የጋራ የአየር ትራፊክ ድርጅት፣ አሴክና፣ ለአባል አገሮቹ የራሱን የፍተሻ አውሮፕላን ያበርራል። በባሕረ ሰላጤውም ኮንትራት ይገኛል። ለእርስዎ ግን በዚህ ዕድሜና በእነዚህ ልጆች ሌላ አገር መሄድን አልመክርም።

ምክሬ ይህ ነው፦ አሁን አይልቀቁ። ካፒቴን እስኪሆኑ እዚያው ይቆዩ፤ በካፒቴንነት አንድ ሺህ ሰዓት ሳይዙ ለዚህ ሥራ ቢያመለክቱ ጊዜዎን ነው የሚያባክኑት። በዚህ መሀል የሴሌክቲቭ ሰርቪሱን ጉዳይ ያጥሩ፣ ስለ ዜግነት ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ፣ ቁጠባዎን ያዘጋጁ። ያኔም ምክንያትዎ ዕረፍት ከሆነ የሚሻልዎት አየር መንገድዎ ውስጥ የሚኖሩበትን ከተማ መነሻ ማድረግና በደረጃ ቁጥርዎ የተሻለ መርሐ ግብር መያዝ ነው። ምክንያትዎ ሥራው ራሱ ከሆነ፣ ያች የታጠፈች መስመር ለምን እንደታጠፈች ሳላውቅ አልተኛም የሚል ሰው ከሆኑ፣ ያመልክቱ።

ሲያመለክቱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መንግሥት መጀመሪያ የሚልከው ገና ያልጸና፣ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ የቅጥር ደብዳቤ ነው፤ የሕክምና ምርመራው፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራውና የኋላ ታሪክ ማጣሪያው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ያን ደብዳቤ ይዞ በደስታ ከአየር መንገዱ የለቀቀ፣ ከዚያ ማጣሪያው ሲንዛዛበት ሁለቱንም ያጣ ሰው አውቃለሁ። የመነሻ ጣቢያዎ የት እንደሆነና በወር በአማካይ ስንት ሌሊት ውጭ እንደሚያድሩ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሥራ መልቀቂያዎን የሚያስገቡት የመጨረሻው ደብዳቤ የመጀመሪያ የሥራ ቀንዎ ተጽፎበት እጅዎ ሲገባ ነው።